ቴርሞስታቱን ወደ ቦታው መልሱት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሞተር ቴርሞስታት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ይህ ጥያቄ በየጋራዡ የሚነሳ ነው። ሞተር ወርዶ ይበተናል፤ ይጠገናል፤ ተመልሶ ሲገጣጠም ቴርሞስታቱና ዘንጉ ጠረጴዛ ላይ ይቀራሉ። «ይኼ ለፈረንጅ አገር በረዶ የተሠራ ነው፤ እኛ ዘንድ ምን ያደርጋል? ይልቅ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተንፍስ» ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ለሞተሩ አስበው ነው። ሞተር በሙቀት ሲነክስ አይተዋል፤ ሙቀትን ይፈራሉ፤ አየር የሚዘጋ ዕቃ ባዩ ቁጥር ማውለቅ ይቀናቸዋል። ፍርሃታቸውን አልንቅም።

መልሴን ግን ከፊት ላስቀምጥ፤ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ምክንያቱን ለማየት ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሕዝብ መኪና ሲነድፍ ሞተሩ በአየር እንዲቀዘቅዝ የተወሰነበት ምክንያት ተራ ነበር። የዚያን ዘመን ጀርመናዊ ሠራተኛ ወይም ገበሬ ሙቀት ያለው ጋራዥ አልነበረውም፤ መኪናው ደጅ ያድራል። ራዲያተር ውስጥ የሚያድር ውኃ ደግሞ በእነሱ ብርድ ረግቶ ብረት ይሰነጥቃል። ውኃ ከሌለ የሚረጋም የሚፈላም የለም። ያው ሞተር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደር መኪና ተገጥሞ በሰሜን አፍሪካ አሸዋና በሩሲያ በረዶ ላይ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ዓለምን አዳረሰ፤ 21,529,464ኛው ቮልስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ምርቱ አበቃ።

ለእኛ ቮልስ ምን እንደሆነ ለዚህ ታዳሚ ማስረዳት አይገባኝም። ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው መኪና ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ዛሬ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ ያሉን ቮልሶች ያሉን ብቻ ናቸው። አንዱ ሞተር ያለ ዕድሜው ባረጀ ቁጥር የሚጎድለው የሁላችንም ነው። ስለ ትንሽ ዕቃ ይህን ያህል ጊዜ የምወስደውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሞተሩ። የኋላውን ኮፈን ስትከፍቱ ከፊታችሁ ቆሞ የሚታየው ትልቁ ላሜራ የቬንትሌተሩ ቤት ነው። ቬንትሌተሩ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። የሚሽከረከረውም ከሞተሩ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ፍጥነት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲደርስ በየሴኮንዱ 500 ሊትር ገደማ አየር ወደ ታች፣ በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ክንፎች መካከል ይገፋል። ብዙ አየር ነው።

ይሁን እንጂ ቬንትሌተሩ ሞተሩ ይጋል ይቀዝቅዝ አያውቅም። የሚያውቀው ዙር ብቻ ነው። የሞተሩ ሙቀት የሚመጣው ደግሞ ከሚቃጠለው ነዳጅ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪናና በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ዙር፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ከቬንትሌተሩ እኩል አየር ያገኛሉ። አንዱ ሞተር እየነደደ ነው፤ ሌላው እሳት የለውም ማለት ይቻላል። ሌሊቱን በ8 ዲግሪ ብርድ አድሮ ጠዋት የተነሳ ሞተርም ገና ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያው አየር ይነፍስበታል። ይህን ጉድለት የሚሞላ አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ መሐንዲሶቹም አስቀመጡለት።

ያስቀመጡት እንዲህ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከአንደኛውና ከሁለተኛው ሲሊንደር በታች፣ ሲሊንደሮቹን አልፎ የሚወጣው ሞቃት አየር በሚያገኘው ቦታ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የብረት ቆርቆሮ አለ። ቴርሞስታቱ እሱ ነው። አየሩ ወጥቶለት ጥቂት በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ብቻ ተጨምሮበት ታሽጓል። ሲቀዘቅዝ የውጭው አየር ግፊት ጨምቆ ያሳጥረዋል። ሲሞቅ ፈሳሹ ይተንና ከውስጥ ይገፋዋል፤ ይረዝማል። ከራሱ ላይ የተነሳ ቀጭን ዘንግ በሲሊንደሮቹ መካከል አልፎ ወደ ቬንትሌተሩ ቤት ይወጣል። ቴርሞስታቱ ሲረዝም ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋል፤ የአየሩ በር ይከፈታል። ሲያጥር ይስበዋል፤ በሩ ይዘጋል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ሽቦ የለው። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሥራውን ጨርሶ በሩን ከፍቷል።

በሩ ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1964 ገደማ በተሠሩት ሞተሮች ላይ አየር በሚገባበት በኩል የሚጠጋና የሚርቅ ቀለበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ አየር በሚወጣበት በኩል፣ ከቬንትሌተሩ ቤት ግርጌ፣ ግራና ቀኝ የሚታጠፉ ሳንቃዎች ሆኑ። ለውጡ የመጣው ከማሞቂያው ጋር በተያያዘ ነው። አዲሱ ማሞቂያ ንጹሕ አየሩን የሚወስደው ከቬንትሌተሩ ስለሆነ፣ መግቢያው ከተዘጋ ተሳፋሪው ሙቀት አያገኝም። ስለዚህ በሩን ከማሞቂያው ቱቦ ወዲያ አዛወሩት። የእናንተ መኪና የትኛው እንዳለው ሳታዩ ዕቃ አትግዙ፤ ቀለበቱና ሳንቃዎቹ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞሉም።

አሁን የክርክሩ እምብርት ላይ ደርሰናል። ቴርሞስታቱን የሚያወልቅ ሰው ሞተሩ የተሻለ እንደሚቀዘቅዝለት ያምናል። አንድ ነገር ልጠይቀው፤ ሞተሩ ሲግል ቴርሞስታቱ ምን እያደረገ ነው? በሩን ከፍቶ ቆሟል። ደኅና ቴርሞስታት ያለው የጋለ ሞተርና ቴርሞስታት የሌለው የጋለ ሞተር የሚያገኙት አየር አንድ ዓይነት ነው። ልዩነታቸው የሚታየው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ማውለቁ የሚጨምረው ቅዝቃዜ በሙሉ የሚጨመረው ቅዝቃዜ በማያስፈልግበት ሰዓት ነው። ይህን ነጥብ እባካችሁ ያዙልኝ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ቅዝቃዜ ሞተርን ምን ያደርገዋል? ብዙ ሰው ብርድ ሞተር የሚጎዳ አይመስለውም፤ ድምፅ ስለሌለው፣ ጭስ ስለሌለው፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ መብራት ስለሌለው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ግን ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይወለዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ውኃው እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ጥቂቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ከቃጠሎው ከሚመጡት ጋዞችና በቤንዚኑ ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ብረቱን ይበላል፤ ፋሻው ደግሞ የተበላውን ይጠርጋል፤ አዲስ ብረት ለአሲዱ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዝ አገር ሲሊንደሮች ለምን እንደሚያልቁ ያጠኑ መሐንዲሶች የደረሱበት ይህንኑ ነው። ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ሳይሞቅ የሚቆም ሞተር ረጅም መንገድ በሙቀት ከሚሄደው ይልቅ በፍጥነት ያልቃል።

ሁለተኛው ጉዳት በዘይቱ ላይ ነው። ቮልስ የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ ብረት ስለሆነ ሁለቱ በልካቸው የሚገጥሙት ሲሞቁ ነው። ሳይሞቁ በመካከላቸው ክፍተት ይኖራል፤ በዚያ ክፍተት እንፋሎትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳሉ። ዘይቱ በደንብ ሲሞቅ ሁለቱም ተነው በመተንፈሻው ይወጣሉ። ካልሞቀ ይጠራቀማሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ቡና በወተት የመሰለ ቅባት ተለጥፎ ያያችሁ ሰዎች አላችሁ፤ ያ ዘይትና ውኃ ተደባልቆ ነው። ያንን ያየ ሰው ዘይት ለውጦ ዝም ማለት የለበትም፤ ሞተሩ ለምን እንደማይሞቅ ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ በየትኛውም አገር እውነት ነው። ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው ደግሞ ይብሳል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር የሚለካው ለባሕር ወለል አየር ነው። ጂግለሩ ካልተቀየረለት በቀር እዚህ ሲሠራ ለሳሳው አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። በጋለ ሲሊንደር ውስጥ ያ ትርፍ ቤንዚን ቢያንስ ይተናል። በቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ግን ጠብታ ሆኖ ግድግዳውን ያጥባል፤ ፋሻው የሚንሸራተትበትን የዘይት ሽፋን ጠርጎ ይዞት ይወርዳል። ከፍታውና ብርዱ ተደራርበው ይመጣሉ ማለት ነው። አንዱን መከላከያ ካወለቅን ለሌላው መንገድ ከፈትን።

ቾኩንም አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ያሉት የቮልስ ካርቡራተሮች ላይ ቾኩ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ጥምዝ ነው። ቁልፉ ከተከፈተ በኋላ ጥምዙ ራሱን ያሞቃል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቾኩ ይከፈታል፤ ሲሊንደሩ ሞቀ አልሞቀ አይጠይቅም። ንድፉ ሞተሩ በዚያች ጊዜ ውስጥ እንደሚሞቅ ያሰበ ነው። በጊዜ እንዲሞቅ የሚያደርገው ደግሞ የአየሩ በር ተዘግቶ መቆየቱ ነው። ቴርሞስታቱ ከሌለ ቾኩ ሞተሩን ቀድሞ ይከፈታል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ነጂው ነዳጅ እየደጋገመ ይረግጣል፤ እያንዳንዱ ርግጫ ተጨማሪ ቤንዚን ወደ ቀዝቃዛው ግድግዳ ይረጫል። ከዚያ «ካርቡራተሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ካርቡራተሩ ይፈታል። ካርቡራተሩ ምንም አላደረገም።

የክረምታችንንም ጠባይ እንመልከት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ቤንዚን ካርቡራተር ውስጥ ሲተን ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል። እርጥቡ አየር ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ጊዜ ውርጭ ሊሠራ ይችላል፤ ውጭ በረዶ መኖር የለበትም። የማስገቢያው ቱቦ ከላዩ ውርጭ ለብሶ ያያችሁት ለዚህ ነው። ቮልስ ይህን የሚከላከለው ከጭስ ማውጫው በሚመጣ የማሞቂያ ቧንቧ ነው፤ ቧንቧው ግን በጥቀርሻ ሲደፈን አገልግሎቱ ይቀራል። ቴርሞስታቱ ይህን ቧንቧ አይተካም። ሆኖም ሞተሩ ዙሪያውን ቶሎ እንዲሞቅ በማድረግ ያግዘዋል፤ ከቧንቧው ጋር አብረው ሲጠፉ ነው ጠዋት ጠዋት የሚጠፋ መኪና የሚፈጠረው።

በዚህ ላይ የጉዟችንን ርዝመት ጨምሩበት። የቮልስ የከተማ ሕይወት አጭር ጉዞ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሥራ፣ መመለስ። ያለ ቴርሞስታት በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ዘይቱ ሊሞቅ ሲል ሞተሩ ይጠፋል። መኪናውን የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ጭራሽ በሳምንት አንድ ቀን አስነስተው ሰፈር ዞረው ያቆሙታል፤ ለመኪናው ያሰቡ መስሏቸው። ዙሩ ሞተሩን ካላሞቀ እንዳልተነሳ ቢቆይ ይሻለው ነበር።

በተቃራኒው የሚነሱትን ክርክሮች በአክብሮት ላንሳቸው፤ ባዶ አይደሉምና።

አንዱ የቆላው ነገር ነው። ድሬዳዋ ወይም አፋር ያለ ሰው ምን ያደርገዋል? እዚያ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞቃል፤ በሩም ተከፍቶ ይውላል። ጥቅሙ እዚያ ትንሽ ነው፤ ይህን አሌ አልልም። ጉዳት ግን የለውም። ደግሞስ የእኛ መኪና ቆላ ብቻ ወይም ደጋ ብቻ ይነዳል ወይ?

የሳሳው አየር ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ እንቅፋቱ ይነሳ የሚሉም አሉ። አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሞተሩም የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ሙሉ ነዳጅ ተረግጦም የሚፈጥረው ሙቀት ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው። ዳገት ላይም ማርሽ ስለሚቀነስ ዙሩ፣ ከዙሩም ጋር ቬንትሌተሩ ይፈጥናል። ሌላም አለ፤ ቴርሞስታቱ የሚያጥረው በውጭው አየር ግፊት ተጨምቆ ስለሆነ፣ ግፊቱ ዝቅ ባለበት ከፍታ ላይ ትንሽ ቀደም ብሎ ይረዝማል። ደጋ ላይ በሩን አያዘገይም።

ዘይቱን በተመለከተ መካኒኮች የሚያነሱት ጥሩ ነጥብ አለ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝና ሲወፍር የግፊት ቫልቩ ተከፍቶ የዘይት ማቀዝቀዣውን አሳልፎ በቀጥታ ወደ ተሸካሚዎቹ ይልከዋል። ልክ ነው፤ ዘይቱ የራሱ መከላከያ አለው። ሲሊንደሩና ቴስታታው ግን የላቸውም። ያላቸው ቴርሞስታቱ ነው።

ሌሎች ፋብሪካዎች ሳይጠቀሙበት ሠርተዋል የሚል ሰው ሲትሮየን 2ሲቪን ይጠቅሳል። 2ሲቪ ቬንትሌተሩ በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመ ሲሆን ቴርሞስታት የለውም። ለብርድ ጊዜ ግን የፊት ፍርግርጉ ላይ የሚደረግ መሸፈኛ ነበረው፤ ባለቤቱ በእጁ ያደርገዋል፣ በእጁ ያነሳዋል። ይህ ቴርሞስታቱ የሚሠራውን ሥራ ሰው እንዲሠራው ማድረግ ነው። ፊያት እ.ኤ.አ. ለ1957ቱ 500 በቴርሞስታት የሚከፈት የአየር በር ሠርቷል። የአሜሪካው ኮርቬርም አለው። ዶይዝ በትላልቅ የናፍጣ ሞተሮቹ ላይ የቬንትሌተሩን ፍጥነት ራሱን በሙቀት ወስኗል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የሠሩ ሰዎች ብርዱን ቸል አላሉትም።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ግን የበሩ ተዘግቶ መቅረት ነው። ዝገት የነከሰው ሳንቃ፣ የተጣመመ ዘንግ፣ የጠፋ ሞላ በሩን ዝግ አድርጎ ሊያስቀረው ይችላል። በዝግ በር ዳገት የወጣ ሞተር ደግሞ አይተርፍም። ይህ የሚያስፈራው ሰው ትክክል ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ግን በንድፉ ውስጥ አለ። የድሮው ቆርቆሮ ቢቀደድ አየር ይገባበታል፤ አየር ሲገባበት የሚጨምቀው ነገር ስለሌለ ራሱ ይረዝማል፤ በሩ ይከፈታል። ዘንጉ ቢበጠስ ሞላው በሩን ወደ ክፍት ይስበዋል። ዕቃው ሲሞት በሩን ከፍቶ ነው የሚሞተው። አደጋው የሚመጣው ሞላው ሲጠፋና ማጠፊያዎቹ ሳይታዩ ሲቀሩ ነው፤ የዚያ መድኃኒት ደግሞ ማየት ነው።

አንድ መንገድ ላይ ነገሩን ሁሉ ማሳየት ይቻላል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ። ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጥሩ ነጂ ፍሬኑን ለማዳን በዝቅተኛ ማርሽ ይወርዳል። እግሩ ከነዳጁ ተነስቷል፤ ሲሊንደሮቹ ውስጥ እሳት የለም ማለት ይቻላል፤ ዙሩ ግን ከፍ ያለ ስለሆነ ቬንትሌተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፍሳል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቁልቁለቱን ሙሉ እየቀዘቀዘ ይወርዳል። ድልድዩ ጋ ደርሶ ወዲያው ወደ ደጀን ዳገቱን ሲጀምር በሙሉ ነዳጅ ይቃጠላል። አሉሚኒየሙ ቴስታታ ከብረቱ ሲሊንደር ይልቅ በፍጥነት ይሰበሰባል፣ በፍጥነትም ይሰፋል። ቴስታታ በቫልቭ መቀመጫዎች መካከል መሰንጠቁ የእነዚህ ሞተሮች የታወቀ ሕመም ነው፤ እንዲህ ያለ ድንገተኛ መጋልና መቀዝቀዝ ያፋጥነዋል። ቴርሞስታት ያለው ሞተር ግን ቁልቁለቱ ላይ የሚወጣው አየር ሲቀዘቅዝ በሩን ቀስ በቀስ ያጠባል፤ ሙቀቱን ይዞ ይወርዳል። ዳገቱ ሲጀመር መልሶ ይከፍታል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድም ያው ነው። እንደ እኛ ያለ ገደልና ተራራ የበዛበት አገር ይህን ዕቃ ከየትኛውም ሜዳማ አገር በላይ ይፈልገዋል።

ሞተራችሁ በእውነት የሚግል ከሆነስ? ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጉት። የሞተሩን ክፍል ዙሪያ የሚያሽገው ጎማ አለ። ከታች ያለው የጋለ አየር ወደ ላይ ተመልሶ በቬንትሌተሩ እንዳይሳብ የሚከለክለው እሱ ነው። የደረቀ፣ የተቀደደ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ከሆነ ሞተሩ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይስባል። በየካንዴላው ገመድ ላይ ያሉት የጎማ ክዳኖች ቢጠፉ አየሩ በዚያ ያመልጣል። ከሲሊንደሮቹ በታች ያሉት ላሜራዎች ለመገጣጠም ስለሚያስቸግሩ ይጣላሉ፤ እነሱ ከሌሉ አየሩ ክንፎቹን ሳይዳስስ ይሸሻል፤ ቴርሞስታቱም ትክክለኛውን ሙቀት አያገኝም። የላላ ቺንጋ፣ ያለ ልኩ የተቀመጠ የእሳት ሰዓት፣ ከማስገቢያው ቱቦ መገጣጠሚያ የሚገባ ትርፍ አየር፣ እነዚህ ሁሉ ሞተር ያግላሉ።

ሦስተኛው ሲሊንደርም የራሱ ታሪክ አለው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ ልክ ከእሱ በላይ ስለሚቆም የሚደርሰው አየር የሚያንስና የሞቀ ነው። ፋብሪካው ለዚሁ ሲሊንደር ብቻ የእሳቱን ሰዓት በጥቂት ዲግሪ እስከ ማዘግየት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ለ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን የራሱ አየር ወዳለው ከኋላ ወደተጨመረ ቤት አወጣው። ሦስተኛው ሲሊንደር ሲነክስ ቴርሞስታቱ ይወቀሳል፤ ቴርሞስታቱ ያለው ግን በሌላው በኩል ነው።

አሁን ወደ ቤት ሄዳችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መኪናው ቀዝቃዛ እንደሆነ ከሥሩ ገብታችሁ በቀኝ በኩል እዩ። ቴርሞስታቱ ካለ ፍቱትና ድስት ውስጥ ውኃ አሙቁለት፤ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ርዝመቱ ቢያንስ 46 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የአዲስ አበባ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሙቀቱ ይበቃችኋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ካላጠረ ቆርቆሮው አየር ገብቶበታል፤ ዕድሜው አልቋል። ከመኪናው ላይም ሳትፈቱት ይህን ማወቅ ትችላላችሁ፤ ሌሊቱን ባደረ ሞተር ላይ ረዝሞ ካገኛችሁት የሞተ ነው።

የሌለው ሰው ቢገዛ፣ የብረት ቆርቆሮ ያለውን የድሮውን ዓይነት ይፈልግ። በሰም የሚሠሩ ምትኮች አሉ፤ እነሱ ሲበላሹ በሩን ዘግተው ሊቀሩ ስለሚችሉ የነገርኳችሁ ጥንቃቄ ሁሉ ይፈርሳል። ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው በእጅ ቦርሳ የሚያስመጣው ዕቃ ነው፤ ዘንጉን፣ መያዣውንና መመለሻ ሞላውን አብሮ ይዘዝ። ሳንቃዎቹ ቀድሞ ወጥተው ከተጣሉ የቬንትሌተሩ ቤት ካልተነሳ መልሶ መግጠም ስለማይቻል፣ ሞተር የሚወርድበትን ቀን ጠብቁ እንጂ ለዚህ ብቻ አታውርዱት።

ሲገጠም ልኩ እንዲህ ይያዛል። ዘንጉን ወደ ላይ ገፍታችሁ ሳንቃዎቹን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። የመያዣውን ቡሎን አላልታችሁ፣ የመያዣው የላይኛው ጫፍ የቴርሞስታቱን ራስ እስኪነካ አስተካክሉና አጥብቁ። ከዚያ የታችኛውን ቡሎን ስታስገቡ ቀዝቃዛው ቴርሞስታት ዘንጉን ይስበዋል፤ በሩ ሲዘጋ ይሰማችኋል። ማጠፊያዎቹ በጣት ሲነኩ ያለ ግትርነት የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ ሞተሩን አታስነሱ።

ቴርሞስታቱ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ሳንቃዎቹን በሞላ ክፍት አድርጋችሁ ንዱት። የተጠራጠራችሁትን ቴርሞስታት ከመግጠም ይህ ይሻላል። ጠዋት ቆማችሁ ለረጅም ጊዜ አታሙቁት፤ ያለ ጭነት የሚዞር ሞተር ብዙ ሙቀት አይፈጥርም፤ አስነስታችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ዘይቱን ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ለውጡ። በሳምንት አንድ ቀን የምታስነሱትም ብትሆኑ እንጦጦን ወይም ሰንዳፋን ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ዘይቱ ሞቆ ውኃውን ጥሎ ይግባ።

አሁን ሁለቱን ዓይነት በሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ቀርባችሁ በእጃችሁ አንቀሳቅሷቸው። ጥያቄያችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።